ማይሴል ቬሲክል አይደለም፦ ከመርካቶ የሳሙና ጥሬ ዕቃ እስከ ፔፕታይድ ሙከራ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ የኬሚካል መደብሮች በተደረደሩባቸው መንገዶች የሚያልፍ ሰው በርሜልና ጀሪካን የሞላባቸውን ደጃፎች ያያል። በየሰፈሩ ፈሳሽ ሳሙና እያዘጋጁ የሚሸጡ ሰዎች ጥሬ ዕቃቸውን የሚገዙት ከእነዚህ መደብሮች ነው፦ ቴክሳፖን እየተባለ የሚጠራውን ዝልግልግ፣ ሰልፎኒክ አሲድ፣ ካስቲክ ሶዳ፣ ቀለምና ሽቶ። ሻጩ ኬሚስትሪ ባይማርም አሠራሩን በቃሉ ያውቀዋል። ቴክሳፖኑ በውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የገበታ ጨው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ሲወፍር ይቆማል፤ ጨው ከመጠን ካለፈ ሳሙናው ተመልሶ ይቀጥናል። ይህ የገበያ ምክር በፊዚካል ኬሚስትሪ ሙሉ ማብራሪያ ያለው እውነት ነው። ጨው ሲጨመር በሳሙናው ሞለኪውሎች ራስ ላይ ያሉት አሉታዊ ሙሎች (ቻርጆች) እርስ በርስ መገፋፋታቸው ይቀንሳል፤ ክብ የነበሩት ስብስቦች እንደ ትል ይረዝማሉ፤ ረጃጅሞቹም እርስ በርስ ሲጠላለፉ ፈሳሹ ይወፍራል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ጥልፍልፉ አኳኋኑን ይለውጥና ውፍረቱ ይጠፋል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ የጨው ምክር ነው። ፔፕታይዶች በማይሴልና በቬሲክል ገጽ ላይ የሚያሳዩትን ጠባይ የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳያስተውለው ከሳሙና ሠሪው ጋር ተመሳሳይ ዕቃ ይዞ ይሠራል። ልዩነቱ፣ ሳሙና ሠሪው ዕቃው በጨው፣ በሙቀትና በመጠን እንደሚለዋወጥ ሲያውቅ፣ ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ ገጹን እንደ ቋሚ መድረክ፣ ፔፕታይዱን ብቻ እንደ ተዋናይ መቁጠሩ ነው። የጽሑፉ ክርክር አጭር ነው። አንድ ፔፕታይድ በገጽ ላይ የሚያደርገውን ነገር የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ብቻውን አይወስነውም፤ ገጹም የዚያኑ ያህል ይወስነዋል። በመሆኑም በማይሴል ላይ የተገኘን ውጤት፣ በመካከል ያለው እርምጃ ሳይሠራ፣ ስለ ሕዋስ ሜምብሬን እንደ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። ለዚህ ክርክር በአገራችን የምርምር ታሪክ ከሁሉ የተሻለው ምስክር እንዶድ ነው፤ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ሁለቱን ገጾች መለየት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ገጾች

ሰርፋክታንት የሚባሉት ሞለኪውሎች ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጭራ አላቸው። በውሃ ውስጥ መጠናቸው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰበሰባሉ። ይህ ስብስብ ማይሴል ይባላል፤ የሚጀምርበትም መጠን የማይሴል መነሻ ክምችት ነው። በቤተ ሙከራ እጅግ የታወቀው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት (ከዚህ በኋላ ኤስዲኤስ) በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በንጹሕ ውሃ ውስጥ መነሻው 8 ሚሊሞላር ገደማ ሲሆን፣ 0.1 ሞላር የገበታ ጨው ባለበት ሙሙት ግን ወደ 1.5 ሚሊሞላር ይወርዳል። አንድ የኤስዲኤስ ማይሴል በንጹሕ ውሃ 60 ያህል ሞለኪውሎችን ይይዛል፤ ስፋቱም ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ነው።

ቬሲክል ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሁለት ጭራ ያላቸው ፎስፎሊፒዶች ጎን ለጎን ቆመው ድርብ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑም በራሱ ላይ ተዘግቶ በውስጡ ውሃ የያዘ ከረጢት ይሆናል። 100 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቬሲክል ከ80 ሺህ በላይ ፎስፎሊፒዶች አሉት። ማይሴል ውሃ የያዘ ውስጥ የለውም፤ ቬሲክል አለው። ስለዚህ «ፔፕታይዱ ሜምብሬኑን ቀደደው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በቬሲክል ላይ ትርጉም ሲኖረው፣ በማይሴል ላይ ከመጀመሪያው ትርጉም የለውም፤ የሚቀደድ ነገር የለምና። ሁለቱ በዕድሜም ይለያያሉ። የኤስዲኤስ ሞለኪውል ከማይሴሉ የሚወጣውና የሚገባው በማይክሮሰከንድ ነው፤ ማይሴሉም ራሱ በአጭር ጊዜ ይፈርሳል፣ እንደገናም ይሠራል። በቬሲክል ውስጥ ያለ ፎስፎሊፒድ ግን በሰዓታት በሚቆጠር ጊዜ በቦታው ይቆያል።

የሁለቱን የመጠን ልዩነት ለመረዳት የንብ መርዝ ዋና ፔፕታይድ የሆነውን ሜሊቲንን እንውሰድ። ሜሊቲን 26 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ከመርዙ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በአልፋ ሄሊክስ መልክ ሲታጠፍ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በ0.15 ናኖሜትር ስለሚያስረዝመው ርዝመቱ ወደ 4 ናኖሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት እንግዳው ከቤቱ እኩል ነው ማለት ነው። ስለሆነም «ሜሊቲን በማይሴል ገጽ ላይ ተቀመጠ» ከማለት ይልቅ የሰርፋክታንት ሞለኪውሎቹ በሜሊቲን ዙሪያ ተሰበሰቡ ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። በ100 ናኖሜትር ቬሲክል ላይ ግን ያው ፔፕታይድ በሰፊ ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ አጭር ዘንግ ነው።

ፔፕታይዱ ሲደርስ

በንጹሕ ውሃ ውስጥ በአነስተኛ መጠን ያለ ሜሊቲን ቅርጽ አልባ ነው። ገጽ ሲያገኝ ግን ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም ውሃ የሚሸሹት ጎኖቹ በአንድ ወገን፣ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ደግሞ በሌላ ወገን ይሰለፋሉ። ላዶኪንና ዋይት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ ሜሊቲን በሜምብሬን ገጽ ላይ ሲታጠፍ የሚገኘው ትርፍ በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ 0.4 ኪሎካሎሪ በሞል ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 20 አሚኖ አሲዶች ቢታጠፉ 8 ኪሎካሎሪ ይሆናል፤ ይህም በ25 ዲግሪ የመያያዝ ሚዛን ቁጥሩን 700 ሺህ ጊዜ ያህል ያሳድጋል። ገጹ የፔፕታይዱን ቅርጽ ያወጣል፤ ቅርጹም ፔፕታይዱን በገጹ ላይ ያስቀረዋል። አንዱን ከሌላው ለይቶ መናገር አይቻልም።

ይህን ለመከታተል የሚያገለግሉት መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው። በሰርኩላር ዳይክሮይዝም በ208ና በ222 ናኖሜትር የሚታዩት ሁለት ዝቅታዎች የሄሊክስ ምልክት ናቸው። በ19ኛው ቦታ ያለው ትሪፕቶፋን በውሃ ውስጥ በ350 ናኖሜትር አካባቢ የሚሰጠው ብርሃን ደግሞ ወደ ሜምብሬን ሲገባ ወደ 335 አካባቢ ይሸሻል። ችግሩ ከመሣሪያዎቹ አይደለም። ሁለቱም «ተያያዘ» እና «ታጠፈ» ይላሉ እንጂ «አፈረሰ» አይሉም።

ኤስዲኤስ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ይኸው ነው። ኤስዲኤስ አሉታዊ ሙልና ረጅም ጭራ ስላለው አዎንታዊ ሙል ያለውን ማንኛውንም ፔፕታይድ ማለት ይቻላል ያጥፋል፤ በተፈጥሮው ሜምብሬን ነክ ያልሆነውን ጭምር። «በኤስዲኤስ ውስጥ ሄሊክስ ሆነ» የሚለው ውጤት ስለ ፔፕታይዱ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ከማይሴል መነሻ ክምችት በታች ያለው ኤስዲኤስ ከፔፕታይዱ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ሊሠራ ይችላል፤ የሙሙቱን መደፍረስ ያላየ ሰው የምልክቱን መቀነስ እንደ ቅርጽ ለውጥ ይተረጉመዋል።

የንጽሕና ጉዳይም አለ። ኤስዲኤስ በውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ተሰብሮ ዶዴካኖል ይሰጣል። ዶዴካኖል ራሱ በገጽ ላይ መሰብሰብ የሚወድ በመሆኑ፣ የገጽ ውጥረት ከክምችት ጋር ሲለካ በመነሻው አካባቢ ሊኖር የማይገባ ጎድጎድ ያለ ስፍራ ያሳያል። ይህ ጎድጓዳ የሚታይበት ኤስዲኤስ ንጹሕ አይደለም፤ ከኤታኖል ደጋግሞ ክሪስታል በማድረግ ይጠራል። ኤስዲኤስ ሲጠፋ ከመርካቶ ቴክሳፖን ገዝቶ ለመተካት ማሰብ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ቴክሳፖን በጭራውና በራሱ መካከል ቁጥራቸው የተለያየ የኤቲሊን ኦክሳይድ ቁራጮች የገቡበት ድብልቅ ነው፤ ሰልፎኒክ አሲዱም የተለያየ የጭራ ርዝመት ያላቸው ሞለኪውሎች ቅይጥ ነው። ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ቅይጥነቱ ጥቅም ነው። ለሚዛን ቁጥር ልኬታ ግን ምን እንደተለካ የማይታወቅበት ሁኔታ ይፈጥራል።

እንዶድ የመሰከረው

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር ብዙ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የእንዶዱ ገዳይ ውሑድ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ በእርሳቸው ስም ሌማቶክሲን ተባለ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች የተሻለውን መርጠው ለማውጣት ደከሙ፤ ዓይነት 44 የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

እንዶድ ፔፕታይድ አይደለም። የሚያጥበውም የሚገድለውም ክፍሉ ሳፖኒን ነው፤ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለ ውሃ የሚሸሽ አካልና ከእርሱ ጋር የተያያዙ ስኳሮች ያሉት የተፈጥሮ ሰርፋክታንት። በዚህ ጽሑፍ የገባው ግን በምሳሌነት ብቻ አይደለም። በገጽ ላይ የሚሠሩ ውሑዶችን ለሚያጠና ሰው ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሁለቱም ለፔፕታይድ ሙከራ በቀጥታ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ስለ አዘገጃጀት ነው። በፍሬው ውስጥ አብዛኛው ሳፖኒን ስኳር በሁለት ቦታ የተያያዘበት ነው፤ በ3ኛውና በ28ኛው ካርቦን ላይ። ይህ ቅርጽ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን የፍሬው የራሱ ኤንዛይም በ28ኛው ካርቦን ላይ ያለውን የስኳር ትስስር ይቆርጣል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ስኳር ያለው ገዳይ ሳፖኒን ይወጣል። ፍሬው ከመጀመሪያው በፈላ ውሃ ወይም በአልኮል ቢዘጋጅ ኤንዛይሙ ይሞታል፤ ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ፍሬም በአንዱ ዘዴ ገዳይ፣ በሌላው ዘዴ ደካማ ሆኖ ይገኛል። የዓድዋ ሴቶች የሚሠሩበት ዘዴ፣ መውቀጥና በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ትክክለኛው ነበር። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ «ንጹሕ ይሁን» ብሎ በሜታኖል ቢጀምር ግን «እንዶድ አይሠራም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ሁለተኛው ስለ ገጹ ነው። ባንጋምና ሆርን እ.ኤ.አ. በ1962 ሳፖኒን በሕዋስ ሜምብሬን ላይ የሚያደርገውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ የንብ ቀፎ እንጀራን የሚመስሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓዶች አዩ። ጉድጓዶቹ የሚታዩት ኮሌስትሮል ባለበት ነበር። በነገራችን ላይ ያው ባንጋም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሊፖሶምን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ቬሲክልን፣ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ሳፖኒን ኮሌስትሮልን ይፈልጋል፤ ቀይ የደም ሕዋስን በቀላሉ የሚያፈርሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ኮሌስትሮል የሌለበት ንጹሕ የፎስፋቲዲልኮሊን ቬሲክል ግን በአነስተኛ መጠን ሳፖኒን ብዙም አይነካም።

አሁን ሜሊቲንን ከእንዶድ ጎን እናስቀምጠው። ኮሌስትሮል የሜሊቲንን የማፍረስ ኃይል ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ሽፋኑን ያጠብቅበታልና። እንግዲህ አንድ ቤተ ሙከራ እንዶድንና ሜሊቲንን በአንድ ዓይነት ቬሲክል ላይ ቢያወዳድር፣ ኮሌስትሮል ያለበትን ቬሲክል ከመረጠ እንዶድ ብርቱ ይመስላል፤ ኮሌስትሮል የሌለበትን ከመረጠ ሜሊቲን ይበልጣል። የሁለቱ ውሑዶች ባሕርይ በሁለቱ ሙከራዎች መካከል አልተለወጠም። የተለወጠው ተማሪው ሳያስበው የመረጠው ገጽ ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ የፎስፎሊፒድ ዋጋና አቅርቦት ባለበት ሁኔታ በእኛ ቤተ ሙከራዎች በቀላሉ ሊደርስ የሚችል ነው። ፎስፋቲዲልኮሊን ከእንቁላል አስኳል ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህም እንቁላል፣ ክሎሮፎርም፣ ሜታኖልና አሴቶን ይበቃሉ። ነገር ግን የአስኳል ስብ ብዙ ኮሌስትሮል አለው። ኮሌስትሮሉና ሌላው ስብ የሚወገዱት ፎስፎሊፒዱን በቀዝቃዛ አሴቶን በማዝቀጥና ደጋግሞ በማጠብ ነው፤ አሴቶን ኮሌስትሮልን ያሟማል፣ ፎስፎሊፒዱን ያዘቅጣል። የአሴቶኑን እጥበት ያሳጠረ ተማሪ ኮሌስትሮል የሞላበት ቬሲክል ይሠራል፤ ሳፖኒን ሲሰጠው ሁሉም ይፈስሳል፤ የአገሩን ፔፕታይድ ሲሰጠው ምንም አይሆንም፤ ፔፕታይዱም ከንቱ ተብሎ ይጣላል። ጸሐፊው ይህን ስሕተት ከመጽሐፍ ብቻ አያውቀውም። አንድ ጠብታ በሲሊካ ሰሌዳ ላይ አስሮጦ ከንጹሕ ኮሌስትሮል ጋር ማስተያየት ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም፤ የሚያድነው ግን ወራት ነው።

መያያዝና ማፍረስ

በፔፕታይድ ሜዳ ላይ እጅግ የተለመደው ግምት «በብርቱ የሚያያዝ በብርቱ ያፈርሳል» የሚል ነው። ሜሊቲን ይህን ግምት ያፈርሰዋል። አሉታዊ ሙል ያላቸው ፎስፎሊፒዶች በቬሲክሉ ውስጥ ሲጨመሩ ሜሊቲን ከቀድሞው ይበልጥ ይያያዛል፤ የሚፈስሰው ይዘት ግን ይቀንሳል። ፔፕታይዱ በገጹ ላይ በሙል ታስሮ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሽፋኑን ለመበሳት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የመያያዝ ልኬታ የመፍሰስ ልኬታን አይተካም። ለመፍሰስ ልኬታ በቬሲክሉ ውስጥ ካልሲን በከፍተኛ ክምችት ይሞላል፤ ታፍኖ ሳለ ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ሲፈስስ ይበራል። መቶ በመቶ የሚባለው ደረጃ በመጨረሻ ትራይተን ኤክስ 100 ጨምሮ የሚገኝ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቬሲክሉን ወደ ድብልቅ ማይሴል ይለውጠዋል። ሳፖኒንም በብዛት ሲሆን ያንኑ ያደርጋል። ስለሆነም ብርሃኑ መጨመሩን ብቻ አይቶ «ቀዳዳ ሠራ» ከማለት በፊት፣ የሙሙቱን የብርሃን ብተና አብሮ መለካት ይገባል። ብተናው ካልተለወጠ ቬሲክሉ አለ፣ ተበስቷል። ብተናው ከወደቀ ግን ቬሲክሉ የለም፤ ታጥቧል።

የባክቴሪያና የሰው ሕዋስ ልዩነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የኢ. ኮላይ ውስጠኛ ሜምብሬን ከፎስፎሊፒዶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ፎስፋቲዲልኢታኖላሚን፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ አሉታዊ ሙል ያለው ፎስፋቲዲልግሊሴሮል፣ የቀረው ካርዲዮሊፒን ነው፤ ኮሌስትሮል የለውም። የቀይ የደም ሕዋስ የውጭ ፊት ግን ሙል አልባ ሲሆን ኮሌስትሮል ይበዛበታል። ዛስሎፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ ያገኘው ማጋይኒን ባክቴሪያን ገድሎ የደም ሕዋስን የሚተወው በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሜሊቲን ግን ሁለቱንም ይገድላል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ነዋሪ የሆነችው ዜኖፐስ ክሊቪ የማጋይኒኗ እንቁራሪት ዘመድ ናት፤ የቆዳዋ ፔፕታይዶችም በውጭ ተመራማሪዎች ተለይተዋል። በአገራችን ደጋ ያለችን እንቁራሪት በአገራችን ቤተ ሙከራ ማጥናት የሚከብድ አይመስለኝም፤ ከእርሷ የሚወጣን ፔፕታይድ በኤስዲኤስ ብቻ መፈተን ግን እንቁራሪቷን ያለ ጥቅም ማድከም ነው። በንብ በኩልም እንዲሁ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ናት፤ የደጋዋ ንብም እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ የሚል ስም አግኝቷል። በመርካቶ ለጠጅ የሚገዛው ማር ሜሊቲን እንደሌለው ግን ማስታወስ ይገባል፤ ሜሊቲን ያለው በመርዙ ነው።

በገጽ ላይ የሚካሄድ ሪአክሽን

እስካሁን የተነገረው ስለ መያያዝና ስለ መፍረስ ነው። ገጹ ኬሚካዊ ሪአክሽንንም ያፋጥናል ወይም ያዘገያል። ሜንገርና ፖርትኖይ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት አስተሳሰብ ዛሬም መነሻ ነው፦ ማይሴሎቹን በሙሉ እንደ አንድ ሁለተኛ ፈሳሽ ቆጥሮ፣ ሪአክታንቱ በውሃውና በማይሴሉ መካከል ምን ያህል እንደተከፈለና በእያንዳንዱ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ለይቶ ማስላት።

ስሌቱን በቬሲክል ላይ እንሞክረው። በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊሞላር ፎስፎሊፒድ አለ እንበል። ግማሹ በውጭ ፊት ነው። የእያንዳንዱ ራስ ስፋት 0.7 ካሬ ናኖሜትር፣ ፔፕታይዱ የሚቀመጥበት ንጣፍ ውፍረት ደግሞ 1 ናኖሜትር ቢሆን፣ የንጣፉ ጠቅላላ ይዘት ወደ 0.2 ሚሊሊትር ይደርሳል። 10 ማይክሮሞላር ፔፕታይድ በሙሉ ቢያያዝ በንጣፉ ውስጥ ያለው ክምችት 50 ሚሊሞላር ገደማ ነው፤ በውሃው ውስጥ ከነበረው 5 ሺህ እጥፍ ያህል። ሁለት ፔፕታይዶች ተገናኝተው የሚያደርጉት ሪአክሽን፣ የፍጥነት ቋሚው ሳይለወጥ እንኳ፣ በዚሁ መጠን ይፈጥናል። ከዚህ ስሌት የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ ተማሪዎች ሲያዩት ይገረማሉ። ፔፕታይዱ ሁሉ ከተያያዘ በኋላ ተጨማሪ ቬሲክል መጨመር ሪአክሽኑን ያዘገየዋል። ሻጭና ገዢ ቁጥራቸው ሳይለወጥ ገበያው ብቻ ሲሰፋ መገናኘት እንደሚቸግራቸው ማለት ነው። የፍጥነት መስመሩ ወጥቶ የሚወርድ ከሆነ ስሕተት ነው ብሎ አይጣል፤ የገጽ ሪአክሽን ምልክት ነው።

የፒኤች ጉዳይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። አሉታዊ ሙል ያለው ገጽ የሃይድሮጅን አዮኖችን ወደ ራሱ ይስባል፤ በ25 ዲግሪ የገጹ አሉታዊ አቅም በየ59 ሚሊቮልቱ በገጹ ላይ ያለውን ፒኤች በአንድ ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። ፒኤች ሜትሩ 7 ሲያሳይ ፔፕታይዱ የሚኖረው በ6 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ሂስቲዲን ላለው ፔፕታይድ ይህ ሁሉንም ይለውጣል፤ ሂስቲዲን ሙሉን የሚያገኘውና የሚያጣው በዚሁ አካባቢ ነውና።

የሂስቲዲን ነገር ከተነሣ፣ አዳማላና ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠሩት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ሴሪንና ሂስቲዲን ብቻ ያሉት ባለ ሁለት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ፣ በፋቲ አሲድ ቬሲክል ውስጥ ሆኖ፣ ውሃ የሚሸሽ ሌላ ትንሽ ፔፕታይድ እንዲሠራ ያፋጥናል። የተሠራው ፔፕታይድ በቬሲክሉ ሽፋን ውስጥ ይሰፍራል፤ ይህ ያለው ቬሲክልም ከሌለው ቬሲክል ፋቲ አሲድ እየወሰደ ያድጋል። ቀደም ብሎ የሉዊዚ ቡድን በዙሪክ የፎስፎሊፒድ ቬሲክሎች ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶችን ሰብስበው የፔፕታይድ ሰንሰለት እንዲረዝም እንደሚረዱ አሳይቶ ነበር። በሁለቱም ሥራዎች ገጹ መያዣ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ፔፕታይድ እንደሚሠራ ይመርጣል።

የፋቲ አሲድ ቬሲክል ወደ ሳሙና ይመልሰናል። ሶዲየም ኦሊየት ሳሙና ነው። ፒኤቹ ከ10 በላይ ሲሆን ማይሴል ይሠራል፤ ወደ 8.5 ሲወርድ ግማሾቹ ራሶች ሃይድሮጅን አግኝተው ከቀሩት ጋር ይያያዙና ያው ሞለኪውል ቬሲክል ይሆናል። ጌቢኪና ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት ይህን ነው። ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም፦ አንድ ፔፕታይድ፣ አንድ ሰርፋክታንት፣ ሁለት ገጽ፤ ከማይሴል ወደ ቬሲክል የሚያሻግረው ጥቂት ጠብታ አሲድ ብቻ ነው። ሙሙቱ ከጥርት ወደ ወተትማ ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ሆኖም የገበያ ሳሙና ለዚህ አይሆንም፤ ከሞራና ከፓልም ዘይት የሚሠራው ሳሙና ውስጥ ያሉት ፓልሚቲክና ስቴሪክ አሲዶች በክፍል ሙቀት ይረጋሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ ኦሊየት ያስፈልጋል። ውሃውም የተጣራ መሆን አለበት። በጉድጓድ ውሃ ልብስ ያጠበ ሰው እንደሚያውቀው ካልሲየምና ማግኒዥየም ሳሙናን አረፋ አልባ ዝቃጭ ያደርጉታል፤ የፋቲ አሲድ ቬሲክልንም እንዲሁ።

በሙከራ ደብተር ላይ

ከላይ ከተነገረው የሚከተል የሥራ ልማድ አለ። ለእያንዳንዱ ፔፕታይድ ቢያንስ ሦስት ቬሲክሎች ይዘጋጁ፦ ፎስፋቲዲልኮሊን ብቻ ያለው፣ ኮሌስትሮል የተጨመረበት፣ አሉታዊ ሙል ያለው ፎስፎሊፒድ የተጨመረበት። በእያንዳንዱ ላይ መያያዝ፣ መፍሰስና የብርሃን ብተና ይለኩ። ኤስዲኤስ ካስፈለገ ለኤንኤምአር ወይም ለቅርጽ ጥናት ብቻ ይዋል፤ የገጽ ውጥረቱ መስመርም ከሙከራው በፊት ተለክቶ ይቀመጥ። የፔፕታይድና የፎስፎሊፒድ ምጣኔ ሳይጻፍ የማይክሮሞላር ቁጥር ብቻ መጻፍ ለሌላ ሰው አይጠቅምም፤ በአንድ ቤተ ሙከራ በ1 ማይክሮሞላር ያፈረሰ ፔፕታይድ በሌላው አሥር እጥፍ ፎስፎሊፒድ ላይ ዝም ሊል ይችላልና። እንዶድ ከፔፕታይዱ ጎን ለንጽጽር ከተቀመጠ ደግሞ ፍሬው በምን ውሃ፣ በምን ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት እንደተዘፈዘፈ ይመዝገብ፤ በ28ኛው ካርቦን ላይ ያለው ስኳር መቆረጥ አለመቆረጡን የሚናገረው ይህ መስመር ነው።